«ሙያ በልብ ነው» የማይሠራበት ሙያ

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ፓስወርድም ስለ ቫይረስም አይደለም። ሰው ስለሚያፈሩ ሰዎች ነው።

አንድ ባንክ የሳይበር ደህንነት ክትትል ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስክሪኔ ላይ አለርት መጣ። አንድ ሰርቨር ላይ መነካት የሌለበት ፋይል ተቀይሯል ይላል። ላብ አጠመቀኝ። የፈረቃችን ኃላፊ ወንበር ስባ ከኋላዬ ተቀመጠችና «እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የምትሠራው አንተ ነህ» አለችኝ። እሷ ብትነካው በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር እኔን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ነገሩ ጥቃት አልነበረም፤ ለእኛ ሳይነገር የተጫነ አፕዴት ነው። ሪፖርቱንም እኔው ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አስተካክል ብላ መለሰችልኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሽልማት ተሰጠ። የተሸለመው የወደቀ ሲስተም ለማንሳት ሦስት ሌሊት ቢሮ ያደረ ባልደረባችን ነው። ይገባዋል፣ አጨበጨብን። ግን ሦስት ሌሊት የፈጀው ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ያንን ሲስተም ከእሱ በቀር የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ነው። የፈረቃ ኃላፊያችን ስም አልተጠራም። ስድስት ጀማሪዎች አሠልጥናለች፤ የምዘና ቅጹ ላይ ግን ይህ የሚሞላበት ሣጥን የለም።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ያሉት ሠርተህ አትኩራራ ለማለት ነበር። ቢሮ ሲገባ ትርጉሙ ተገልብጦ «የማውቀውን ለማንም አላሳይም» ሆነ። በሌላ ሥራ ይህ ስስት ነው። በመረጃ ደህንነት ግን ክፍተት ነው፤ አጥቂው የሚመጣው አዋቂው ለቅሶ ሄዶ ወይም ዓመት ፈቃድ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላላ!

ያን ሌሊት ያስደነገጠኝ ዓይነት አለርት የራሱ ታሪክ አለው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፋይሎችን አሻራ መዝግቦ ለውጥ ሲያይ የሚጮኸው ትሪፕዋየር የተባለው ፕሮግራም በ1992 የተሠራው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጻፈው ጂን ኪም የተባለ ተማሪ ሲሆን አብሮት የነበረው መምህሩ ዩጂን ስፓፎርድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላው ተማሪ ዳን ፋርመር፣ ከዚሁ መምህር ጋር፣ የዩኒክስ ኮምፒውተሮችን ድክመት የሚፈትሸውን ኮፕስን ሠርቶ ነበር።

ስፓፎርድ ራሱ ዝና የሚያጣ ሰው አልነበረም። ኅዳር 1988 የሞሪስ ዎርም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ሲያሽመደምድ፣ ፕሮግራሙን ፈታትተው ምን እንደሚሠራ ከጻፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በዚያ ስም ብቻ ዕድሜ ልኩን መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን በ1997 የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ያነሳው የሰው ጉዳይ ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት በኮምፒውተር ዘርፍ ከ5 ሺህ በላይ ዶክተሮች ሲመረቁ፣ ከዋና ዋናዎቹ የደህንነት ምርምር ማዕከላት በዚሁ ሙያ የወጡት 16 ብቻ መሆናቸውን ተናገረ። አስተማሪ ከሌለ ባለሙያ ከየት ይመጣል ነው ነገሩ።

በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ በዚህ ትምህርት ብቃት አላቸው ያላቸውን የመጀመሪያ 7 ዩኒቨርሲቲዎች ሰየመ፤ ፐርዱ አንዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት የተማሪውን ወጪ ሸፍኖ፣ ተማሪው በተማረበት ልክ መንግሥት ቤት የሚያገለግልበት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ተጀመረ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው አመጣው አልልም። ግን የሰው እጥረትን እንደ ደህንነት ክፍተት ቆጥረው የጮኹ ሰዎች ነበሩ።

ዕውቅናውም መጣ። ሲአይኤስኤስፒ የተባለውን የደህንነት ባለሙያዎች ሰርተፊኬት የሚሰጠው አይኤስሲቱ የተባለ ድርጅት ለአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ያዘጋጀው ሽልማት፣ የሰው ኃይልን ላሻሻሉ ብቻ የተለየ ዘርፍ ነበረው። ቁም ነገሩ ይሄ «የተለየ» የሚለው ነው። አሠልጣኝን እሳት ካጠፋ ሰው ጋር ካወዳደርከው ሁሌም ይሸነፋል፤ የእሱ ሥራ ውጤት ያልተነሳ እሳት ነውና።

እኛም ጋ ወጣቱ እየመጣ ነው። ኢንሳ በሳይበር ታለንት ፕሮግራሙ ልጆችን መልምሎ ያሠለጥናል፤ በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም አለ። ጥያቄዬ ሰርተፊኬት ይዘው የመጀመሪያዋን ሌሊት ሲያድሩ ከኋላቸው ማን ይቀመጣል የሚለው ነው።

ኃላፊ ከሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ምዘና እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጨምሩ፦

1. ይህ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ሥራው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል?
2. በእሱ እጅ ያለፉት ዛሬ ብቻቸውን ምን መሥራት ይችላሉ?
3. ባለፈው ስህተት ከተፈጠረ በኋላ ነገሩ ጀማሪውን በመቆጣት ቀረ ወይስ ሌላው እንዳይደግመው አሠራሩ ተጻፈ?

«አስተምረን ለሌላ ባንክ!» የሚል ቅሬታ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ከስድስታችን አራታችን ለቀናል። ግን አንድ የማጭበርበሪያ መልእክት በደንበኞች ስልክ መዛመት ሲጀምር፣ እዚያ ለቀሩት ቀድሞ ደውሎ የነገራቸው ከለቀቁት አንዱ ነው። ልጁ መሥሪያ ቤት ቀየረ እንጂ የማን ተማሪ እንደሆነ አልረሳም።

ስለ ኃላፊያችን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ እያለሁ ለወሊድ በሕግ የተፈቀደላትን 120 ቀን ወጣች። ሁለት ጊዜ እውነተኛ ጥቃት ተሞከረብን፤ ሁለቱንም አቆምነው። በእነዚያ 120 ቀናት ለሥራ ብሎ የደወለላት ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስልኩን እየተቀባበልን ደወልንላት፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት።