የተሽከርካሪ ምርመራና የሰፊው ሕዝብ ደኅንነት

አንድ ተሽከርካሪ የግለሰብ ንብረት ቢሆንም፣ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ከያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ጠባዩ ማኅበራዊ ይሆናል። የፍሬኑና የሞተሩ ሁኔታ ተሳፋሪውን፣ እግረኛውን፣ በመንገድ ዳር የምትቸረችረውን እናትና ጭሱን የሚተነፍሰውን ተማሪ ሁሉ ይመለከታል። ስለዚህም ዓመታዊው ምርመራ በባለንብረቱና በጽሕፈት ቤቱ መካከል ተጀምሮ የሚያልቅ የወረቀት ጉዳይ ሳይሆን መላው ኅብረተሰብ ሊከታተለው የሚገባ ዐቢይ ጉዳይ ነው።

ይህ እውነት ከኩታበር፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ነዋሪ የተሰወረ አይደለም። የኩታበር ገበሬ ምርቱን ጭኖ ወደ ደሴ ገበያ ይጓዛል፤ ከደሴም ወዛደሩ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ይወርዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ያወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ከነጭነቱ የሚንደረደረውን ተሽከርካሪ የሚገታው ከባድ ማርሽና ደህና ፍሬን ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፤ ግለቱ ሲበዛም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ሸራው ቀድሞውኑ ያለቀ ከሆነ ደግሞ የአሽከርካሪው ችሎታ ብቻውን ሕይወት አያድንም።

የጭሱም ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ናፍጣ በሚገባ ለመቃጠል በቂ አየር ስለሚያሻው፣ ማጣሪያው የታፈነና የነዳጅ አረጫጨቱ ያልተስተካከለ ሞተር ዳገት ሲይዝ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህ ጭስ በከፊል ሳይቃጠል የባከነ ነዳጅ ነው፤ የባለንብረቱን ኪስ እየጎዳ የሕዝቡን ሳንባ ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጭስ ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ መሆኑን መመደቡ የሚታወስ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ብቁነቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። ሆኖም ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር እንጂ የዓመት ዋስ አይደለም። ለምርመራው ዕለት ደህና ጎማ በውሰት ገጥሞ፣ ቦሎውን ከለጠፈ በኋላ ያለቀውን ጎማ መልሶ የሚያስር ባለንብረት የሚያታልለው መርማሪውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረውን ሕዝብ ነው። ተሽከርካሪውን ሳያይ ቦሎ የሚሰጥ መርማሪም የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

በዚህ መሐል የሚጨነቀው አሽከርካሪው ነው። ፍሬኑ እንዲታደስ ሲጠይቅ «ዛሬን ሠርተህ ግባ» የሚለው ባለንብረት ትርፉን ሲሰበስብ፣ አደጋ ሲደርስ በቅድሚያ የሚያዘው መሪውን የጨበጠው ሠራተኛ ነው። ስለሆነም ብልሽት ያለበትን ተሽከርካሪ አላንቀሳቅስም ማለት እንቢተኝነት ሳይሆን ኃላፊነትን መወጣት መሆኑ ሊታመንበት ይገባል።

ይህ ሲባል የመለዋወጫ ውድነት ይካዳል ማለት አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የከበደ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ተሽከርካሪዎች በዚህ ብቻ በአንድ ጀንበር አይተኩም። እንዲያውም ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ጥብቅ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ የሰፈር ማኅበራት በየስብሰባቸው ጉዳዩን ሊያነሱ፣ ተሳፋሪው ጎማው የተላጠ መኪና ሲያይ አልሳፈርም ሊል፣ ሠራተኞችም የሚያመላልሳቸው ሰርቪስ ፍሬን መቼ እንደታየ ሊጠይቁ ይገባል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በሐረጎ ጫፍ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ከቁልቁለቱ በታች ከሚወርድ እንባ ይሻላል።