የመርጡለ ማርያም ግንብና የህንድ ግንበኞች

የጎንደር አብያተ መንግሥታት እድሳት ስለ ጥንታዊ ሕንጻዎቻችን እንደገና እያነጋገረን ነው። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ግን ምሥራቅ ጎጃምን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ጎንደር በምን እጅና በምን ጥበብ እንደ ተሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን የድሮውን መንገድ ሊይዝ ይገባዋል።

ከጎንደር በፊት የነበረውን የአክሱም ግንብ ሁሉም ያውቀዋል፤ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁበት፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የግንድ ጫፎች ከግድግዳው ብቅ ብለው የሚታዩበት ግንብ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስልት ተሠርቷል። ላሊበላ ላይ ስንደርስ ግን የማይበርድ ክርክር አለ። በህንድ ኤሎራ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ካይላሳ የሚባል ቤተ መቅደስ አለና የእኛም ከዚያ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የላሊበላ በርና መስኮት አክሱምን እንጂ ኤሎራን አይመስልም። የህንድ እጅ በእርግጥ ያረፈበትን ሥራ ለማየት አራት መቶ ዓመት ወደዚህ መምጣት ያሻል።

መርጡለ ማርያም ከቢቸና ተነሥቶ ደብረ ወርቅን ላለፈ መንገደኛ በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። ደብሩ ታሪኩን ከአብርሃና አጽብሐ ይጀምራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ግን የሐድያ ገዥ ልጅ የነበረችው እቴጌ እሌኒ ናት። ለልጁ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ስታስተዳድር መልእክተኛዋን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው በህንድ በኩል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መልሰው ሠሩት።

የእንግሊዙ ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1842 ፍርስራሹን አይቶ ከጻፈ ወዲህ የትኛው ድንጋይ የእሌኒ፣ የትኛው የጀስዊቶች ነው የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም። ጣሪያ አልባው ግንብ ቅስቶች አሉት፤ ድንጋዩ ላይ ክብ አበባ በጥንቃቄ ተፈልፍሏል። እኔ ሁለቱም ዘመን በአንድ ግድግዳ ላይ አለ ባይ ነኝ፤ የእቴጌዋ ጥርብ ድንጋይ በአዲሱ ግንብ ውስጥ ተመልሶ የገባ ይመስለኛል።

ጀስዊቶቹ ያመጡት ትልቁ ለውጥ ኖራው ነው። ከዚያ በፊት ድንጋይ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። የኖራ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ከህንድ በመጣ ባለሙያ እንደ ገባ የጀስዊቶቹ ጽሑፎች ይናገራሉ። ኖራ ሲገኝ ሰፊ ቅስት፣ ፎቅና ድልድይ መሥራት ተቻለ። አፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ጥበባቸውን ግን አላባረሩም። እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር የገባው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ የቤተ መንግሥቱ ዋና ግንበኛ ህንዳዊ እንደ ነበር ጽፏል። በዚያው ዘመን በህንድ አግራ ታጅ ማሐል እየተገነባ ነበር።

በኋላ የተስፋፉት ባለ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ከእነሱ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የመሠረተችውን ሞጣ ጊዮርጊስን ብቻ ጠቅሼ ልለፍ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ሰባራ ድልድይ አለ። መካከሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፈርሶ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። ለዚህ ድልድይና ለመርጡለ ማርያም የእድሳት ተራ ሲደርሳቸው ሲሚንቶ እንዳይነካቸው እለምናለሁ። ሲሚንቶ እርጥበቱን በግንቡ ውስጥ አፍኖ የቆየውን ኖራና ድንጋይ ያፈራርሳል፤ የሚያስፈልገው ኖራ አቃጥሎ፣ አብኩቶ መለሰን የሚያውቅ ግንበኛ ነው።