ሐረጎን በኪሎ ዋት ሰዓት

ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አቅም የሚፈትነው ግን በርዝመቱ ሳይሆን በዳገቱ ነው፤ ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሾፌር ይህን ዳገት በናፍጣ ሊትር ያሰላዋል፤ የምግብ ባለሙያ በካሎሪ፣ የመብራት ቆጣሪ ደግሞ በኪሎ ዋት ሰዓት። ሦስቱም የሚቆጥሩት ያንኑ ጉልበት ነውና፣ እንደ ገንዘብ አንዱን ወደ ሌላው መመንዘር ይቻላል።

የምንዛሪው መነሻ ጁል ነው። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 9.8 ጁል ይፈጃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 600 ሜትር ሲወጣ 60 በ9.8፣ ያንን በ600 ስናባዛ 353 ሺህ ጁል ያህል ይሆናል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ስለሆነ፣ ሰውየውን ደሴ ያደረሰው የከፍታ ጉልበት የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን በ100 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ አንድ እንጀራ እንኳ በቅጡ ሳይበስል! በምግብ ሲመነዘር 84 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሰውነታችን ግን ከሚያቃጥለው ምግብ ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ለከፍታው ብቻ የሚወጣው ወጪ አራት እጥፍ ይደርሳል። የቀረው ላብና ሙቀት ነው።

መለኪያው በስሙ የሚጠራው ጄምስ ጁል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ ማንችስተር አጠገብ በምትገኘው ሳልፎርድ በ1818 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ1840ዎቹ ባደረገው ሙከራ ክብደት ቁልቁል እየወረደ በውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያሽከረክር አደረገ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀም ለካ። የጠፋ የሚመስለው የመውደቅ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ተገኘ።

ሐረጎ ላይ ይኸው ሙከራ በየቀኑ በግዙፉ ይካሄዳል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ 235 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 65 ኪሎ ዋት ሰዓት ያራግፋል። ያ ምጣድ ከ18 ሰዓት በላይ ሲጣድበት የሚፈጀው ነው፤ ሁሉም ወደ ውሃ ቢገባ ከ700 ሊትር በላይ ያፈላል። ከፊሉን ጎማና አየር ይወስዱታል፤ የቀረውን ሾፌሩ ፍሬን ላይ ብቻ ከጣለው ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዝም ያቆማል። ልምድ ያለው ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ሙቀቱን ሞተሩ እንዲጋራው ነው። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ማርሹ የሚገባው ከላይ እንጂ ፍሬኑ ከጋለ በኋላ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ስሌት ወደ ቤተሰብ መኪናም ገብቷል። 2 ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ሐረጎን ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይከፍላል። ሲወርድ ግን ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆንና ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው ደሴ ላይ ጢም ብሎ ከተሞላ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ከደሴ ወደ ታች የሚነሳ ሰው ባትሪውን ትንሽ ጎደል አድርጎ ቢወጣ ይሻለዋል።