ውሃውን እንጂ አበባውን የማናውቀው ሱፍ

የሱፍ ፍትፍት ያልቀመሰ ጿሚ ጥቂት ነው። ወተት በማይጠጣበት ወራት ወተት መስሎ የሚቀርበው ነጭ ውሃ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል ተደርጎበት እንጀራ ሲፈተፈትበት ጥሙንም ረሃቡንም በአንድ ላይ ይቆርጣል። ያ ውሃ ከየትኛው አበባ እንደተገኘ ቢጠየቅ ግን ብዙ ከተሜ ፀሐይ የሚመስለውን ያንን ትልቅ ቢጫ አበባ ይጠቁማል። እሱ የፈረንጅ ሱፍ ነው፤ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ። ነባሩ ሱፍ ሌላ ነው፤ የዛሬው ትውውቃችንም ከእሱ ጋር ነው።

ነባሩ ሱፍ በአንድ ዓመት ተዘርቶ፣ አብቦ፣ አፍርቶ የሚያልቅ አበባ ነው። ቁመቱ ከጉልበት እስከ ደረት ይደርሳል። የቅጠሉ ጠርዝ እሾህ ያወጣል፤ ራሱም አሜኬላ ይመስላል። የኑግ፣ የአደይ አበባና የፈረንጅ ሱፍ ዘመድ ነው። ሲፈካ ቢጫ ይሆንና እየጠወለገ ሲሄድ ወደ ብርቱካንማ፣ አልፎም ወደ ቀይ ይለወጣል። በአንዱ ራስ ውስጥ ከ15 እስከ 30 የሚደርስ ፍሬ ይታቀፋል። ፍሬው ነጭ፣ ልሙጥ፣ የልጅ ጥርስ የመሰለ ነው፤ የፈረንጁ ረዘም ብሎ ጥቁር ወይም ዥንጉርጉር ስለሆነ ገበያ ላይ ሁለቱን መለየት አያስቸግርም።

ሌላው ዓለም ይህን አበባ ያወቀው በቀለሙ ነው። ካርታመስ ቲንክቶሪየስ ከሚለው የሳይንስ ስሙ ሁለተኛው ቃል በላቲን የቀለም ነካሪዎችን ሥራ ያመለክታል። የጥንት ግብፃውያን ጨርቅ ነክረውበታል፤ ጃፓኖች ኪሞኖና የከንፈር ቀለም ሠርተውበታል። የአበባው ቅጠል በውሃ ሲታጠብ ቢጫው ይወጣል፤ ቀዩ ግን አመድ በተበጠበጠበት ውሃ ካልሆነ አይለቅም። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሱፍ መነሻ ካላቸው ሦስት አካባቢዎች አንዷን ኢትዮጵያ ብሎ ነበር። የኋላ ጥናቶች መጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው ቢሉም፣ አገራችን የራሷ የሆኑ የሱፍ ዓይነቶች ያሏት መሆኗ አልተካደም።

ሱፍ የሚበቅልበትን ዓይነት መሬት ለማየት አሁን ወደ ደጎሎ እንምጣ። የጃማ ወረዳ ከተማ የሆነችው ደጎሎ በዋልካ ሜዳ የተከበበች ናት። ዋልካ በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ሜዳው ያለቀበት ደግሞ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ቆላ አለ፤ መካነ ሰላምን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለወረደ ሰው ሙቀቱ የታወቀ ነው። ዝናብ ከቆመ በኋላ በእንዲህ ያለ መሬት የሚያብብ አበባ ሥሩ ጥልቅ መሆን አለበት።

የሱፍ ምስጢርም እዚያው ሥሩ ላይ ነው። ከበቀለ በኋላ ለሦስትና አራት ሳምንት ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ያላወቀ ሰው ቀጨጨ ብሎ ይነቅለዋል። እሱ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ታች እየሠራ ነው፤ ዋናው ሥሩ መሬቱ ከፈቀደለት 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል። የላዩ አፈር ተሰንጥቆ ሌላው ሲጠወልግ ሱፍ ከታች የቀረውን እርጥበት ይጠጣል። ፀሐይ የማይበግረውን ያህል የተኛ ውሃ ይገድለዋል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። አበባውን ዝናብ ከመታው ቅጠሉ ላይ የበሽታ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ፍሬውም ይጠቁራል። ቡቃያው ትንሽ ውርጭ ቢችልም እምቡጡ አይችልም፤ ስለዚህ በደጋው ሜዳ ውርጭ ከሚተኛበት ረባዳ ይልቅ ተዳፋቱ ይመረጣል።

ለመዝራት የሚያስፈልገው ጥሬ ዘር ነው፤ የተቆላ ወይም የተቀቀለ አይበቅልም። ገበያ የተገዛ ከሆነ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በሳምንቱ ስንቱ እንዳጎነቆለ ማየት ነው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ጊዜው ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት፣ የነሐሴ ማብቂያና የመስከረም መጀመሪያ ነው። ውሃው በቦይ እንዲወርድ መደቡን ከፍ አድርጎ፣ ዘሩን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሶ፣ በተክልና በተክል መካከል ስንዝር መተው ይበቃዋል። በጣሳ አፍልቶ ማዛወር አይመከርም፤ ያ ረጅም ሥር ከተነካ ሱፉ አይሆንለትም። ተኝቶ ባለበት ወር አረም ስለሚያሸንፈው ማረም ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል፤ እሾሁም ከብቱን ያርቅለታል።

ከተዘራ በአራት ወይም በአምስት ወሩ ሁለመናው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ይታጨዳል። ማልዶ ጤዛው ሳይነሳ ቢያጭዱት እሾሁ ይለሰልሳል። ከዚያ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ ነጩ ፍሬ ጓዳ ይገባል። ከፊሉ ከሽምብራ ወይም ከገብስ ጋር ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፤ ከፊሉ ለዘይት። የቀረው በመጠኑ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ይጠለላል። ገለባው ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ነጩ ውሃ ወደ ገበታ ይሄዳል።

ሱፍን ለማግኘት ሱቅ መሄድ የለመደ ቤት ሁሉ በጓሮው አንድ መስመር ቢሞክር ዓይንም ሆድም ይጠግባል። በመጪው ነሐሴ ማብቂያ ከሽምብራው ዳር ዝሩት፤ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ እፍኝ ጥሬ ሱፍ ይበቃል።