የሽማግሌዎች ቃል ኪዳን ለፍጥረት፦ የፕሬስቢቴሪያን «የምድር እንክብካቤ አጥቢያዎች»

ፕሬስቢቴሪያን የሚለው ስያሜ «ሽማግሌ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚጠራው የፕሮቴስታንት ወገን አጥቢያዎቹን የሚያስተዳድረው በጳጳስ ሳይሆን ምእመናኑ ከመካከላቸው መርጠው በሚሾሟቸው ሽማግሌዎችና በመጋቢው ጉባኤ ነው። ትውፊቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን አገልግሎት የበቀለች ናትና። የአስተዳደሩ ሥርዓት አስቀድሞ መነሣቱም በምክንያት ነው፤ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ፍጥረትን ለሚንከባከቡ አጥቢያዎች የምትሰጠው ክብር በአንድ ቀናኢ ሰው ትጋት ብቻ የማይገኝ፣ ሽማግሌዎቹ መክረው ቃል ሊገቡበት የሚገባ የጋራ ኃላፊነት ነው።

ለዚህ ክብር መሠረት የጣለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 ያጸደቀው፣ ፍጥረትን ማደስን ከሥነ ምህዳርና ከፍትሕ ጋር ያስተሳሰረው ሰነድ ነው። ሥነ ምህዳር ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ትስስር የሚመለከት ሲሆን፣ ከፍትሕ ጋር መጣመሩ መሬት ሲራቆት፣ ውኃ ሲበከልና አየር ሲመረዝ ጉዳቱ ቀድሞ የሚያርፈው በድኻው ላይ መሆኑን ያስገነዝባል። በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛው ምዕራፍ ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ የተጻፈውም በዚህ አረዳድ የባለቤትነት ሳይሆን የባለአደራነት ትእዛዝ ይሆናል።

«የምድር እንክብካቤ አጥቢያዎች» የተሰኘው መርሐ ግብር በ2010 ሲጀመር ይህን እምነት ወደ ዕለታዊ ሥራ አወረደው። አጥቢያው በሽማግሌዎቹ ጉባኤ በኩል ቃል ከገባ በኋላ በአምልኮ፣ በትምህርት፣ በሕንፃ አያያዝና ለኅብረተሰቡ በሚሰጠው አገልግሎት ያከናወነውን በዝርዝር ይመዘግባል፤ ዕውቅናውን ለማግኘትም በእያንዳንዱ ዘርፍ ቢያንስ 25 ነጥብ ማሟላት ይኖርበታል። የሥርዓቱ ብልኅነት እዚህ ላይ ነው፤ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የተከለ አጥቢያ ስለ ፍጥረት ካልጸለየና ልጆቹን ካላስተማረ፣ አሳምሮ የሚሰብክም መብራቱንና ማሞቂያውን ካልተቆጣጠረ ነጥቡ አይሞላለትም። ከእሑድ አምልኮ በኋላ ምእመናን ቡና የሚጠጡበት ኩባያ እንኳ ከጉዳዩ ውጭ አይደለም፤ ተጠቅመው የሚጥሉት ኩባያ በሸክላ ሲተካ አንድ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ማጠብ ይኖርበታል፤ ባለአደራነትም የሚታየው እንዲህ ባለው፣ ማንም በማያጨበጭብለት ድካም ነው።

ለግለሰቦች የሚሰጥ ክብርም አለ። በ1995 የተመሠረተውና ዛሬ «ፕሬስቢቴሪያንስ ፎር ኧርዝ ኬር» የሚባለው ማኅበር ከሚሰጣቸው ሽልማቶች አንዱ፣ ሥነ ምህዳርንና ፍትሕን አንድ አድርጎ በማስተማር በሚታወሰው በፕሬስቢቴሪያን አገልጋዩ በዊልያም ጊብሰን ስም ተሰይሟል።

ሆኖም ከኩባያና ከአምፖል ይልቅ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለዓመታት ያከራከራት የገንዘቧ ጉዳይ ነበር። በነዳጅ ኩባንያዎች ውስጥ ያላትን አክሲዮን ይዛ መንገዳቸውን እንዲያቀኑ ታግባባቸው ወይስ ሸጣ ትውጣ የሚለው ጥያቄ በተከታታይ ጉባኤዎች ከተመላለሰ በኋላ፣ የ2022ቱ ጠቅላላ ጉባኤ ኤክሶንሞቢልንና ሼቭሮንን ጨምሮ ከአምስት ኩባንያዎች ለመውጣት ወሰነ። ውሳኔው ዘግይቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ከአጥቢያዎቹ የሚጠየቀው ጥንቃቄ ለዋናው ካዝናም እንዲደርስ አድርጓል።

አጥቢያዎቹ የሚያገኙት ዕውቅና ግን ለዘለቄታው የሚጸና ማዕርግ አይደለም፤ በየዓመቱ መታደስ ይኖርበታል።