ከቪርጂኒያ የተላከ ደብዳቤ

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሰነብት ለወላጆቹ የሚልከው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «እኔ ደኅና ነኝ» በማለት ይጀምራል፤ ችግሩንም ቢሆን ይደብቃል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የወጣቱ እንግሊዛዊ የሪቻርድ ፍሬቶርን ደብዳቤ ግን ምንም የደበቀው ነገር የለም።

በ1606 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሎንዶን የተቋቋመው የቪርጂኒያ ኩባንያ፤ በ1607 በሰሜን አሜሪካ ጄምስታውን የተባለውን ሠፈር ቈረቈረ። ስለ ምድሪቱ ለምለምነት ጽሑፍ እያሳተመም ሰው ይጋብዝ ጀመር። ሠፋሪው ግን ለገበያ የሚሆነውን ትምባሆ እንጂ ለራሱ የሚበቃ እህል አላመረተም። እርሻውም እየሰፋ የፓውሃታንን ሕዝብ መሬት ስለ ወሰደ ጠብ ተነሣ፤ በማርች 1622 ፓውሃታኖች አደጋ ጥለው 347 ሠፋሪዎችን ገደሉ።

ፍሬቶርን በውል የተያዘ አገልጋይ ሆኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ፤ በአደጋው ክፉኛ ወደ ተጐዳው ማርቲንስ ሀንድረድ ወደሚባል ሠፈር ደረሰ። በ1623 በማርችና በአፕሪል ለአባቱና ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ፤ ከመርከብ ከወረደ ጀምሮ ከአተርና ከቀጭን አጥሚት በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ አለመቅመሱን፤ አንዲት ትንሽ ዳቦ ለአራት ሰው እንደምትካፈል ይገልጻል። አብረውት ከመጡት 20 ሰዎች እኩሌታው ሞተዋል። ጠላት ቢመጣ 32 ሆነው 3,000 ሰው ሊገጥሙ ነው። ካባውን የሰረቀውም የገዛ ጓደኛው ነው። በዙሪያው ያሉት ሰዎች እጅና እግራቸውን አጥተውም ቢሆን ወደ እንግሊዝ ተመልሰው ከደጅ ደጅ መለመንን ይመርጣሉ።

ወላጆቹ ገንዘብ ከፍለው ከውሉ እንዲያስለቅቁት ይለምናል። ይህ ካልተቻለ ምግብ እንዲልኩለት፤ ፎርማጆም ከሆነ በመርከቡ ሙቀት እንዳይበላሽ በየመካከሉ የእንጨት ስንጥር እንዲደረግበት ያሳስባል። ከዚያም ሸጦ የሚያተርፈውን ለአባቱ እንደሚልክ ቃል ይገባል። በረኀብ መካከል ሆኖ እንኳ ለወላጆቹ ሸክም ላለመሆን ማሰቡ ልብን ይነካል።

ኩባንያው በቂ ስንቅ ሳያዘጋጅ ሰው መላኩን አላቋረጠም። እስከ 1624 ድረስ 6,000 ያህል ሰዎች ወደ ቪርጂኒያ ሲሄዱ፤ በ1625 መጀመሪያ በተደረገው ቈጠራ የተገኙት 1,200 ገደማ ናቸው። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» እንደሚባለው፤ ሎንዶን ተቀምጦ የመርከቡን መነሣት ለሚያይ ሰው ሥራው የተቃና ይመስለው ነበር።

የፍሬቶርን ደብዳቤ የኩባንያውን ጉዳይ ይመረምሩ ከነበሩት ሰዎች ወረቀቶች ጋር ተቀምጦ እስከ ዘመናችን ቈይቷል። ኩባንያውም በ1624 ፈቃዱን በፍርድ ተነጥቆ፤ ቪርጂኒያ በቀጥታ በንጉሡ ሥር ሆነች። ለጸሐፊው ግን ይህ አልጠቀመውም፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በወጣው የሙታን ዝርዝር ውስጥ ስሙ ተጽፏል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰው እንደ ተላከና ስንት ጋሻ መሬት እንደ ታረሰ የሚናገር ሪፖርት የሚቀርብልን እኛው ወጣቶቹ ነን። ቍጥሩን ካነበብን በኋላ፤ በሥፍራው ያለው ሰው ዛሬ ምን በላ? ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው እንላለን።