የጭስ መንገድ

ኮንጋ በጌዴኦ ምድር፣ በይርጋ ጨፌ አጠገብ የምትገኝ አገር ናት። ቡናዋና እንሰትዋ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላሉ። በዚያ ምድር ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይመላለሳል፤ ደመና ሲወርድና ብርድ ሲበረታ እሳት ከምድጃ አይጠፋም። እሳት ቆጮውን ያበስላል፤ ቡናውን ያፈላል፤ የቤቱንም ሰው ያሞቃል። ነገር ግን እሳት ባለበት ሁሉ ጭስ አለ፤ ጭስም መንገድ ይፈልጋል።

ጭስ መውጫ በሌለው የሣር ቤት ጭሱ በክዳኑና በደጃፉ ይወጣል፤ ከጣራው በታችም ጥቁር ጥቀርሻ ይንጠለጠላል። የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ በተተከለለት ምድጃ ግን ጭሱ በቧንቧው ወደ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቧንቧው ከተተከለ በኋላ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

እንጨት በሚገባ ሳይነድ ሲቀር ደቃቅ ከሰልና ዝፍት የሚመስል ነገር ከጭሱ ጋር ይወጣል። ይህም ቀዝቃዛውን ቧንቧ ሲነካ ይጣበቃል፤ ጥቀርሻም ይሆናል። እንጨቱ እርጥብ ሲሆንና እሳቱ ታፍኖ ሲጨስ ጥቀርሻው ፈጥኖ ይበዛል። እርጥብ እንጨት የሚበዛው ደግሞ በዝናብ ወራት ነው። እንግዲህ የጭስ መንገድ የሚጠበው ሰው እሳትን አጥብቆ በሚፈልግበት ጊዜ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ጉዳት ይመጣል። ፊተኛው፣ ጭሱ ወደ ቤት ተመልሶ ዓይንን ያስለቅሳል፤ ደረትንም ያሳምማል። ሁለተኛው፣ ጥቀርሻው ራሱ በእሳት ተያይዞ ጣራውን ሊያቃጥል ይችላል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር በቤት ይከማቻል። ይህ አየር አይታይም፤ አይሸትምም፤ የተኛውንም ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ከእሳት አጠገብ ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ፈጥኖ ወደ ውጭ መውጣት ይገባዋል።

ጥቀርሻ ገላንም ይጎዳል። በእንግሊዝ አገር ትንንሽ ልጆች በጠባብ ጭስ ማውጫ ውስጥ እየወጡ ይጠርጉ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1775 ዓ.ም. ፔርሲቫል ፖት የተባለ ሐኪም ጥቀርሻ በጠራጊዎች ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ገለጠ። ስለዚህ መጥረግ የአዋቂ ሥራ ነው እንጂ የልጅ ሥራ አይደለም።

የሚጠርግ ሰው አስቀድሞ እሳቱን ያጠፋል፤ ቧንቧውም እስኪቀዘቅዝ ይታገሣል። አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍናል። ጣራው በዝናብ ከራሰ አይወጣበትም። ከዚያ በኋላ በረጅም ዘንግ ላይ ጠንካራ መጥረጊያ አስሮ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፍቃል። የወረደውን ጥቀርሻ በብረት ዕቃ ይሰበስባል፤ በውስጡ የተሰወረ ፍም ሊኖር ይችላልና። የተበሳ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ቢያገኝ ያበጃል። በመጨረሻም ትንሽ እሳት አንድዶ ጭሱ በቀና መንገድ መውጣቱን ይመለከታል።

ልጅም የራሱ ሥራ አለው። ፍልጡን ዝናብ በማይነካው ስፍራ ይደረድራል፤ ጭስ ወደ ቤት ሲመለስ ያየ እንደ ሆነ ዝም ሳይል ለወላጆቹ ይናገራል።

ሰነፍ ሰው፣ «ዛሬ ብርድ ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም እጠርገዋለሁ» ይላል። እንዲህ ሲል ቧንቧው በየሌሊቱ ይጠባል። ትጉ ሰው ግን በወራቱ እኩሌታ አንድ ቀን እሳቱን አጥፍቶ ጥቂት ብርድ ይታገሣል፤ ከዚያም በኋላ ቤተ ሰቡ ያለ ሥጋት ይተኛል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው፤ በጊዜው የተሠራ ጥቂት ሥራ ከጥፋት በኋላ ከሚደረግ ብዙ ድካም ይሻላል።